ጋሽ ይርዳው ለእሑዱ ጨዋታ ሲዘጋጁ

(ደሴ፣ ሆጤ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ጋሽ ይርዳው በመስኮቱ ሥር የቼዝ ገበታቸውን ዘርግተው ከቀድሞ ተማሪያቸው ከመምህርት ዘይነባ ጋር ተፋጠዋል፤ አሥር ሰዓት ላይ ልጃቸው ታምራት ከሐዋሳ ለዘይነባ ይደውላል፣ እሷም ምን እንደምትመልስለት ጨንቋት ውላለች።)

ይርዳው፦ ሆን ብለሽ ነው የተሸነፍሽው።

ዘይነባ፦ ኧረ ጋሼ፣ በሥርዓት ነው ያሸነፉኝ።

ይርዳው፦ ፈረስሽን አምጥተሽ ወታደሬ አፍ ውስጥ ከተትሽው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነሽ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አድርገሽ አታውቂም።

ዘይነባ፦ ደክሞኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ክፍል ገብቼ ነው የመጣሁት።

ይርዳው፦ ማክሰኞስ? ማክሰኞ ንግሥትሽን ሜዳ ላይ ጥለሻት ሄድሽ። ቅዳሜስ? ደብተሩ ይኸው፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። በሦስት ሳምንት ሰባት ጨዋታ፣ ሰባቱንም እኔ።

ዘይነባ፦ ታዲያ ማሸነፍ ምን ያስከፋል?

ይርዳው፦ ሰው ለሕፃን ይሸነፍለታል፣ ለበሽተኛ ይሸነፍለታል። እኔ ከሁለቱ የትኛው ነኝ?

ዘይነባ፦ እንደሱ አይበሉ።

ይርዳው፦ ለታምራት ምን እያልሽው ነው?

ዘይነባ፦ ለማን?

ይርዳው፦ አታድርቂኝ። ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ስልክሽን ይዘሽ ወደ ጓሮ የምትወጪው ቲማቲሜን ልታይ ነው? ልጄ ሰላይ አድርጎ ልኮሻል።

ዘይነባ፦ ሰላይ አይደለሁም። "አባዬ እንዴት ነው፣ አንቺ ቅርብ ነሽ" አለኝ። እኔም አሁንም ያሸንፉኛል አልኩት።

ይርዳው፦ ውሸታም።

ዘይነባ፦ ምኑን ዋሸሁ? አሸንፈውኝ የለ?

ይርዳው፦ ሳቂ አንቺ። እሑድ እሱ ራሱ ይመጣል። "አባዬ፣ አንድ ጨዋታ እንጫወት" ብሎ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ገበታውን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየኝ። እንዴት እንደሚጫወት እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ አንድ ነገር ካበላሸሁ ወዲያው ያውቃል። ማታውኑ ሻንጣዬን ያዘጋጅና ይህን ቤት ቆልፎ ሐዋሳ ይወስደኛል።

ዘይነባ፦ ሐዋሳ እኮ መጥፎ አይደለም። የልጅ ልጆችዎ አሉ፣ ሐይቁ አለ።

ይርዳው፦ ሐይቅ ካማረኝ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። እዚህ ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ስንት ተማሪ በዚህ በር ገብቷል፣ አንቺን ጨምሮ። እዚያ ግን የታምራት አባት ነኝ፣ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ። ቴሌቪዥን ይከፍቱልኛል፣ ድምፁን ይቀንሱብኛል።

ዘይነባ፦ ፈርተዋል።

ይርዳው፦ አልፈራሁም። አልፈልግም ነው ያልኩት። ፍርሃት ሌላ፣ አለመፈለግ ሌላ።

ዘይነባ፦ እሺ፣ አልፈሩም።

ይርዳው፦ ሦስት ቀን አለኝ። አስተምሪኝ።

ዘይነባ፦ እኔ እርስዎን?

ይርዳው፦ አዎ። እንደ ጀማሪ።

ዘይነባ፦ በሦስት ቀን ሰው አይሻሻልም። ይህን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ይርዳው፦ ሌላስ ምን ብዬሽ ነበር?

ዘይነባ፦ ረሱት?

ይርዳው፦ ካንቺ አፍ ልስማው።

ዘይነባ፦ መጀመሪያ ያስተማሩኝ የጨዋታውን መጨረሻ ነው። ሌሎቹ ልጆች መክፈቻ ሲሸመድዱ እኔን ስድስት ወር ሙሉ በንጉሥና በወታደር ብቻ አቆዩኝ። አሥራ ስድስቱን ከማዘዝሽ በፊት ሁለቱን ማዘዝ ልመጂ አሉኝ። አልቅሼ ነበር።

ይርዳው፦ አልቅሰሽ ለአባትሽ ተናገርሽብኝ። አባትሽም ኮፍያውን እንዳደረገ መጥቶ በር ላይ ቆመና "ልጄ ምን አጠፋች?" አለኝ። ቁጭ በል ብዬ ንጉሥና ወታደር ሰጠሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሣም።

ዘይነባ፦ ይኸው፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ።

ይርዳው፦ የድሮው መች አስቸገረኝ። የዛሬ ጠዋቱ ነው እንጂ። ቀጥዪ።

ዘይነባ፦ ከዚያ እጄ። ሳላስብ ቶሎ ቶሎ እየነካሁ ስላስቸገርኩዎ ሁለቱንም እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እንድቀመጥባቸው አደረጉኝ። የምጫወተውን አስቤ፣ በልቤ ጽፌ፣ የጻፍኩትን ደግሞ እንደ ሰው ጽሑፍ ጠርጥሬ አይቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚወጣው።

ይርዳው፦ እኔም ልቀመጥበት?

ዘይነባ፦ ይቀመጡበት።

ይርዳው፦ ይኸው። ታሰርኩልሽ። ደግሞስ?

ዘይነባ፦ ተጋጣሚዬ አንድ ነገር ባንቀሳቀሰ ቁጥር የራሴን ሐሳብ ትቼ "ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" ማለት። ማታ ማታ ከጋዜጣ የቆረጧቸውን ጥያቄዎች ይሰጡኝ ነበር፣ ነጭ በሁለት እርምጃ ይግደል የሚሉትን። በቀን አምስት፣ ዓመት በዓልም ቢሆን። የተሸነፍኩበትን ደግሞ ቤቴ ወስጄ ብቻዬን እደግመውና የተበላሸበትን ቦታ በቀይ አሰምርበታለሁ። ያሸነፍኩበትን ግን ሊያዩልኝ አይፈልጉም ነበር።

ይርዳው፦ ምን ሊረባሽ። ታዲያ ሰባት ጊዜ አሸንፌ እኔ ምን ተማርኩ? ሦስት ሳምንት በላሽብኝ እኮ።

ዘይነባ፦ ፈርቼ ነው።

ይርዳው፦ ምን ፈራሽ?

ዘይነባ፦ የምሬን ብጫወት የማየውን።

ይርዳው፦ እኔም እንድታዪው ነው የምፈልገው። ደርድሪ። ዛሬ ብትራሪልኝ ሁለተኛ ይህን በር አትረግጪም።

ዘይነባ፦ እሺ። ነጩ የእርስዎ ነው። አይቸኩሉ።

ይርዳው፦ እጄ ላይ ተቀምጬ እንዴት እቸኩላለሁ? በይ፣ ይኸው ወታደር።

ዘይነባ፦ እኔም ወታደር። ማንቆርቆሪያው አዲስ ነው?

ይርዳው፦ አሮጌው ያፈስ ነበር።

ዘይነባ፦ ጓሮ ተጥሎ አየሁት። ሥሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ይርዳው፦ እናትሽ ድስት አርሮባት አያውቅም?

ዘይነባ፦ ያርርባታል።

ይርዳው፦ ታዲያ ማን ሐዋሳ ወሰዳት? ጨዋታሽን ተጫወቺ።

ዘይነባ፦ እየተጫወትኩ ነው። ጋሼ፣ ተራው የኔ ነበር።

ይርዳው፦ እህ?

ዘይነባ፦ ሁለተኛውን ወታደር ካንቀሳቀሱ በኋላ እኔ ሳልነካ ፈረሱን ደገሙ።

ይርዳው፦ ተጫወቺያ፣ ማን ያዘሽ?

ዘይነባ፦ አሁን ደግሞ ሌላ ወታደር። ጋሼ፣ እጅዎን። እባክዎ እጅዎን ይመልሱ።

ይርዳው፦ ምን ሆንሽ?

ዘይነባ፦ ምንም።

ይርዳው፦ ፊትሽ አመድ መስሏል፣ ምንም ትይኛለሽ? ታምራትም እሑድ ይህንኑ ፊት ነው የሚያሳየኝ። ምን አጠፋሁ? አትደብቂኝ።

ዘይነባ፦ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተጫወቱ።

ይርዳው፦ ታዲያስ? ገና ማን ማንን በላ?

ዘይነባ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ይርዳው፦ መበላላት ሳይጀመር ምን ተራ አለ? ሁለቱም ወገን ጦሩን እንደፈለገ ያሰልፋል። አንዱ አንዱን ሲበላ ነው ከዚያ በኋላ ተራ የሚጠበቀው።

ዘይነባ፦ በየትኛው ሕግ?

ይርዳው፦ በየትኛው ሕግ ማለት ምንድን ነው? በጨዋታው ሕግ ነዋ። ቆይ። ቆይ ዘይነባ። ምንድን ነው ያልኩት አሁን?

ዘይነባ፦ አይደንግጡ።

ይርዳው፦ አልደነገጥኩም። ውሃ ስጪኝ።

ዘይነባ፦ ቀስ ብለው ይጠጡ። ጋሼ፣ ይህን ለኔ አስተምረውኝ አያውቁም። እንዲህ ይጫወት የነበረው ማን ነው?

ይርዳው፦ አባቴ። አባቴ ናቸው። ሰንጠረዥ፣ የጥንቱ ያገራችን ቼዝ። ወረኢሉ እያለን ቀይ የጨርቅ ገበታ ነበራቸው፣ መስመሩ በጥቁር ክር የተሰፋ። ጥቁር ካሬ፣ ነጭ ካሬ የሚባል ነገር የለውም። ስድስት ዓመቴ ቢሆን ነው። ዘመናዊውን ቼዝ የተማርኩት እኮ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ነክቼው አላውቅም።

ዘይነባ፦ ደብተሩን ያቀብሉኝ።

ይርዳው፦ ምን ልታደርጊ?

ዘይነባ፦ ያቀብሉኝ። ይኸው ማክሰኞ፣ ሃያ ሁለተኛው ላይ። ንግሥትዎ ቀጥ ብላ ብትወጣ ቼክሜት ነበር። እርስዎ አንድ ካሬ ብቻ በሰያፍ አንቀሳቀሷት። ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ይርዳው፦ ፈርዝ የምትሄደው አንድ ካሬ ነዋ። በሰያፍ።

ዘይነባ፦ ፈርዝ?

ይርዳው፦ አባቴ ንግሥት አይሏትም። ፈርዝ ነው የሚሏት። ደካማ ናት፣ ከንጉሧ ጎን አትርቅም።

ዘይነባ፦ ቅዳሜ ደግሞ ጳጳስዎ የራስዎን ወታደር ዘሎ ማዶ አረፈ። እኔ ክርኔ ነካክቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ይርዳው፦ ፊል ነው እሱ። ዝሆን ማለት ነው። ሁለት ካሬ በሰያፍ ይዘላል፣ መሐሉ ላይ ማንም ይኑር።

ዘይነባ፦ ወታደሮችዎም ከቤታቸው ሲወጡ ሁለት ካሬ ተራምደው አያውቁም። በሰባቱም ጨዋታ፣ አንድ አንድ ብቻ። ጋሼ፣ ስህተት የለም እኮ።

ይርዳው፦ እንዴት የለም?

ዘይነባ፦ እኔ በአንዱ ሕግ እያየሁ እርስዎ በሌላው ተጫውተው ነው። በአባትዎ ሕግ ሲታይ ሁሉም ልክ ነው። ወላሂ፣ አንድ የተሳሳተ የለበትም። ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ቢያውቁ።

ይርዳው፦ አንቺን ደስ አለሽ።

ዘይነባ፦ እርስዎን ደስ አላለዎትም?

ይርዳው፦ እኔ አባቴን አስቤ አልተጫወትኩም። ቼዝ እየተጫወትኩ ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልነካሁትን ነገር ማን አምጥቶ እጄ ላይ እንዳስቀመጠው አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆኜ የተማርኩት በአንዱ በር ሲወጣ፣ የልጅነቴ በሌላው እየገባ ነው። ነገ ደግሞ ምን ይገባል?

ዘይነባ፦ ነገን ነገ እናየዋለን። አሁን ያስተምሩኝ።

ይርዳው፦ ምኑን?

ዘይነባ፦ ሰንጠረዡን። የአባትዎን።

ይርዳው፦ ለምን ብለሽ?

ዘይነባ፦ ቼዝ ጨዋታ እወዳለሁ፣ ይህኛውን አላውቀውም። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ይፈልጋሉ?

ይርዳው፦ ወንበርሽን አስጠጊ እንግዲህ። ካሬዎቹን እንዳላየሽ ሁኚ፣ ጥቁርና ነጩን እርሺው። ፈረስና ግንብ እንደምታውቂያቸው ናቸው። ፈርዝንና ፊልን ነገርኩሽ። አሁን አሰልፊ። እኔን አትጠብቂኝ።

ዘይነባ፦ ዝም ብዬ ልጫወት?

ይርዳው፦ ዝም ብለሽ አይደለም። በአንድ ዓይንሽ ያንቺን፣ በአንድ ዓይንሽ የኔን። እኔ ሳሰልፍ እያየሽ ነው የምታሰልፊው። ይኸው፣ እኔ ወደ ግራ ስሄድ አንቺ ቀኝሽን ታጠናክሪያለሽ? በየትኛው በኩል ልመጣብሽ ይመስልሻል?

ዘይነባ፦ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ተራ መጠበቅ ለምዶበት።

ይርዳው፦ አየሽ? አንቺም አለሽበት።

ዘይነባ፦ ወታደርዎን ልበላው እችላለሁ?

ይርዳው፦ መብላት ትችያለሽ። ግን ጦርሽ ተሰልፎ አልቋል? እሱን ከበላሽ በኋላ በተራ ነው፣ ያልተሰለፈ ጦር ይዘሽ ትቀሪያለሽ። አባቴ የመጀመሪያውን መብላት ለሌላው ይተዉለት ነበር። የቸኮለው ይብላ ይሉና ጢማቸውን ያሻሹ ነበር።

ዘይነባ፦ እሺ፣ አልበላም።

ይርዳው፦ እንግዲያው እኔው በላሁ፣ ከአሁን በኋላ በተራ ነው። ደግሞ ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ዝም አይልም። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ይመክራል፣ ፊልህን ተው፣ ፈረሱን አምጣው እያለ። በግንብ ንጉሥ የያዘን ሰው ማንም አያደንቀውም። በወታደር ወይም በፊል ከሆነ ግን ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ጉልበት ባለው ማሸነፍማ ማንም ይችላል ይሉ ነበር።

ዘይነባ፦ ጋሼ፣ ድምፅዎ ተለወጠ።

ይርዳው፦ ምን ሆነ?

ዘይነባ፦ ክፍል ውስጥ የነበረው ድምፅ መጣ። እኔ ወደ ኋላ ወንበር ተደብቄ የምሰማው።

ይርዳው፦ እያወራሽ ፊሌን አላየሽውም። ንጉሥሽ መውጫ የለውም።

ዘይነባ፦ የት? እስቲ ቆይ። ኧረ በአላህ። ይህን እንዴት ሳላየው አለፍኩ?

ይርዳው፦ ይህን ቤትሽ ወስደሽ በቀይ አስምሪበት።

ዘይነባ፦ አሁን ሆን ብዬ አይደለም የተሸነፍኩት።

ይርዳው፦ አውቃለሁ። አፍሽ ተከፍቶ ነበር።

ዘይነባ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል? ታምራት ይህን ጨዋታ ያውቃል?

ይርዳው፦ ከየት አምጥቶ።

ዘይነባ፦ እሑድ ይህንን ያቅርቡለት። "ቼዝማ ሰለቸኝ፣ ና የአያትህን ጨዋታ ላሳይህ" ይበሉት። ፈርዝ፣ ፊል፣ የቀይ ጨርቁን ታሪክ፣ ሁሉንም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ቢጫወቱ ሕጉ ነው። ንግሥቷ አንድ ካሬ ብትሄድ ሕጉ ነው። ግራ የሚጋባው እሱ ይሆናል።

ይርዳው፦ ተንኮለኛ ሆነሻል።

ዘይነባ፦ ማን አስተምሮኝ?

ይርዳው፦ ይሠራል ትያለሽ?

ዘይነባ፦ እኔን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ልጅ አልጠቀለሉኝም? እሱማ ጭንቅላቱን ይይዛል። ሻንጣ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም።

ይርዳው፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ዘይነባ፦ ለአሥር አምስት ጉዳይ። ዛሬ ጓሮ አልወጣም፣ እዚሁ ፊትዎ ነው የማናግረው። "ደህና ናቸው፣ እንዲያውም እኔን አዲስ ጨዋታ እያስተማሩኝ ነው፣ ሐዋሳ የሚባለውን ነገር ተወው" እለዋለሁ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ቃል ውሸት ነው?

ይርዳው፦ የትኛውም።

ዘይነባ፦ ታዲያ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?

ይርዳው፦ ሰኞ ገበያ ሄጄ ነበር።

ዘይነባ፦ መቼ?

ይርዳው፦ በዚህ ሰኞ። ሽንኩርት ገዛሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ገዛሁ፣ ተመለስኩ። በእግሬ። መንገዱን አልሳትኩም። እዚህ ደረስኩና ቁልፌን አወጣሁ። ከዚያ በሩን አየሁትና ይህ የማን ቤት ነው አልኩ።

ዘይነባ፦ የራስዎ በር ላይ?

ይርዳው፦ የራሴ በር ላይ። ቁልፉን በእጄ ይዣለሁ። ሰው ቤት ልገባ ነው፣ ሌባ ይሉኛል ብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ባለቤቱ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ፀሐይዋ እስክትዞር ድረስ ጠበቅኩ። ጎረቤቴ እማማ ጦይባ ናቸው አይተውኝ ቁልፉን ከእጄ ወስደው የከፈቱልኝ።

ዘይነባ፦ ያ ረቢ።

ይርዳው፦ ከሰኞ ወዲህ ደጅ አልወጣሁም። ስተኛ ወንበር አምጥቼ በሩ ላይ እደግፋለሁ። ሌባ እንዳይገባ አይደለም። እኔ ተነሥቼ እንዳልወጣ ነው።

ዘይነባ፦ ማክሰኞ እዚህ ነበርኩ። ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?

ይርዳው፦ እያሸነፍኩሽ እኮ ነበር። የሚያሸንፍ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?

ዘይነባ፦ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።

ይርዳው፦ ስልክሽ እየጠራ ነው።

ዘይነባ፦ አላነሣውም።

ይርዳው፦ ታምራት ነው?

ዘይነባ፦ እሱ ነው። ይጥራ። ምን እንደምለው አላውቅም። ደህና ናቸው ብል እንቅልፍ አይወስደኝም፣ የነገሩኝን ብነግረው ደግሞ እሑድ ይወስድዎታል። ምን ልበለው?

ይርዳው፦ አንሺው።

ዘይነባ፦ ምን ልበለው ጋሼ?

ይርዳው፦ አባትህ ብቻውን መሆን ፈርቷል በይው።